«የሕዝብ» ብሎ የፈረመው ሰው

አኮርዲዮን ተጫዋቹ ዘርእዝጊ ናይሮቢ ውስጥ በሕይወት ቢኖርም፣ አዲስ አበባ ባለ አንድ የቀበሌ መዝገብ ላይ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሞቱን ያስመዘገበችው እህቱ ሃረጉ ናት። በ1970 ዓ.ም. ከአንድ የጦር ክፍል የሙዚቃ ጓድ ጠፍቶ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ሲሻገር፣ ሃረጉ ቀበሌ ቀርባ ወንድሟን አዋሽ እንደወሰደውና ሬሳውም እንዳልተገኘ አመለከተች። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ በዚያ ዓመት ደግሞ የኮበለለ ወንድም ሥራን ብቻ ሳይሆን ነፍስንም ያስከፍል ነበር። ነገሩ እንዲታመንላት በአርባኛው ቀን ድንኳን አስጥላ ተዝካር አወጣች።

ወሬው ከወራት በኋላ ሲደርሰው ዘርእዝጊ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ሰው እንደመጣ። ሁለት መቶ ያህል ሲሉት፣ በሕይወቱ ለእሱ ብሎ ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ እንደማያውቅ አሰበና ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ለእህቱ የሚጽፈው የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ መስሎ፣ «የምሥራች» በሚል ስም ነው። የእጅ ጽሑፉ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል የተስተካከለ ስለነበረ ሠራዊት ውስጥ ያደገ ሰው ጽሑፍ ነው ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም።

ይኸው የእጅ ጽሑፍ እንጀራውም ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ መጋዘን፣ የሚገባና የሚወጣ ዕቃ ይመዘግባል። ቅዳሜና እሑድ በምሳ ሰዓት መሃል ከተማ በሚገኝ አንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ ዳር፣ አራት ሰዎች ባሉበት ባንድ ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወታል። የሚያድረው ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ቪላ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው።

ዘርእዝጊ የሚንቀው ነገር ብዙ ነበር። የድንች ጥብስ እያኘኩ ያለቦታው የሚያጨበጭቡትን ቱሪስቶች ይንቃል። አገር ቤት የመቶ አለቃ የነበረው እዚህ ሻለቃ፣ ሻለቃ የነበረው ደግሞ ኮሎኔል ሆኖ የሚገኝበትን የስደተኛ ማኅበር ይንቃል። ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን የባንዱን ድምፃዊ አወቀን ነበር። አወቀ መልክና ድምፅ ነበረው፤ ሁለቱንም የሠራቸው ራሱ ይመስለው ነበር።

ዘርእዝጊ በሕይወቱ የሠራው አንድ ጥሩ ነገር «ሳልዘጋው» የሚባለው ዘፈን ነው። ከሃረጉ ቤት ሊወጣ በጎህ ሲነሣ የበሩ ማጠፊያ እንደሚጮህ ያውቅ ነበር፤ ግድግዳ ለግድግዳ የሚጎራበታቸው ደግሞ የቀበሌ ጥበቃ ነው። እንደምንም ብሎ ቀስ አድርጎ ከፈተው፤ ለመዝጋት ግን ድፍረት አጣ። በሩን ወለል እንዳለ ትቶት ሄደ። ሞያሌ ላይ ወረቀት ሲጠብቅ ሰባት ሳምንት ተቀምጦ የሚያስበው ያን በር ብቻ ነበር፤ እዚያው ዜማውን አወጣለት፣ ግጥሙንም ገጠመ።

*ደጅሽን ሳልዘጋ ወጣሁ ተቻኩዬ፣*
*ነፋስ ይዝጋው ብዬ፣ አንቺ ዝጊው ብዬ።*

በ1974 ዓ.ም. አብዱልፈታ የተባለ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ የሚነግድና በትርፍ ጊዜው ካሴት የሚያሳትም ሰው ለባንዱ ስቱዲዮ ተከራየላቸው። ቀረጻው ሲያልቅ ከስቱዲዮው አንድ ፎርም ተሰጣቸው። ቅጂው የዜማና የግጥም ደራሲዎችን መብት ወደሚያስጠብቀው ማኅበር የሚላክ ነው። ፎርም መሙላት ሁልጊዜ የዘርእዝጊ ሥራ ስለነበረ አብዱልፈታ እስክሪብቶውን አቀበለው።

«ዜማው የማን ነው?»

«የሕዝብ» አለ ዘርእዝጊ።

«የትኛው ሕዝብ?»

«ሕዝብ ነዋ። አንተ ጨርቅ ስትሸጥ ፈታዩዋ ማን ናት ብለህ ትጠይቃለህ?»

አብዱልፈታ ትከሻውን ሰበቀ። ናይሮቢ ውስጥ የሚወጣ የአማርኛ ካሴት ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ ኤምባሲው መሳቢያ ይገባል ይባል ነበር። ተዝካሩ የወጣለት ሰው ካሴት ላይ ስሙ ቢገኝ ሃረጉን የሚጠይቃት እንደማይጠፋ ዘርእዝጊ ያውቃል።

«አቀናባሪ የሚለውስ?» አለ አብዱልፈታ። «እሱ ባዶ መሆን አይችልም ብለዋል።»

«የእኔን ጻፈው፣ ጋሼ» አለ አወቀ ፀጉሩን በመስተዋት እያበጠረ። «እኔ እንደሁ አገር ቤት የምፈራለት ሰው የለኝም።»

ዘርእዝጊ በዚያ ውብ ጽሑፉ ሞላው። ዜማ፣ የሕዝብ። ግጥም፣ የሕዝብ። አቀናባሪ፣ አወቀ። ከታች ማንም ሊያነበው የማይችል ፊርማ ፈረመ። የዚያን ዕለት በብልህነቱ ኮርቶ ነበር።

ዘፈኑ ወጣ፤ አደገ። ሬዲዮ ተጫወተው፤ ሌሎች ባንዶች በስዋሂሊ ዘፈኑት፤ እሑድ እሑድ ከሆቴሉ ገንዳ ዳር ሳይጠየቅ የሚቀርበት ሳምንት አልነበረም። በ1979 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ አወቀ አንድ ደብዳቤ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛው ጠጠረብኝ። እስኪ አንብብልኝ።»

ዘርእዝጊ አነበበ። ደብዳቤው የመጣው ከደራሲዎቹ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ከሆቴሎች፣ ከመጠጥ ቤቶችና ከሬዲዮ በዓመት ክፍያ ይሰበስባል፤ የትኛው ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተዘፈነ የሚያውቀው ደግሞ ባንዶች በየሳምንቱ ሞልተው ከሚልኩለት ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ መሠረት ለዜማውና ለግጥሙ ደራሲ ያካፍላል። ዜማው ባለቤት የሌለው የሕዝብ ዜማ ከሆነ ግን ድርሻው ላቀናባሪው ይሄዳል። ማከፋፈል የጀመረው በዚያው ዓመት ነበር፤ አወቀ በ«ሳልዘጋው» አቀናባሪነቱ የመጀመሪያ ክፍያውን እንዲወስድ ተጠርቷል።

የሆቴሉን ዝርዝር በየሰኞው የሚሞላው ማን ነው? ዘርእዝጊ ነው። ቅዳሜ ሁለት ጊዜ፣ እሑድ ሦስት ጊዜ፣ አንድም ሳይዘል፣ የመጋዘን ዕቃ በሚመዘግብበት ጥንቃቄ ለዓመታት ጽፎታል። አወቀን በገዛ እጁ ሲቀልበው ኖሯል ማለት ነው።

«ምን ይላል?» አለ አወቀ።

«አቀናባሪ ነህ ይላል።»

«ነኝ እኮ።»

«አልጋህን አንጥፈህ የማታውቅ ሰው ዜማ ታቀናብራለህ?»

አወቀ አልተቀየመም። ሰው ሲሰድበው እንደ ቀልድ መቁጠር ልማዱ ነው። «ጋሼ፣ የሕዝብ ነው ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ። እኔ እንግዲህ ሕዝቡን ወክዬ ነው የምቀበለው።»

ዘርእዝጊ ክፍያውን ሊተወው ይችል ነበር። ያ «አቀናባሪ» የሚለው ቃል ግን እንቅልፍ ነሣው። ሊያርፍለት የሚችለው ማኅበሩ መሳቢያ ውስጥ ስሙ ያለበት አንዲት ካርድ ስትገባ ብቻ ነበር። ናይሮቢ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ የብረት መሳቢያ ውስጥ ያለች ካርድ ማን ያያታል? አንድ ሰኞ ከመጋዘኑ ፈቃድ ጠይቆ መሃል ከተማ ወደሚገኘው ቢሮ ሄደ።

የመዝገብ ኃላፊዋ ሚስስ አቺዬንግ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሰማችው። ከዚያ፣ ዜማው የድሮ አለመሆኑን የሚያውቁ የአገሩ ሽማግሌዎች ቀርበው ቃል ይስጡ፤ አወቀም የራሱን ምስክር ያቅርብ ብላ ከአምስት ሳምንት በኋላ ቀጠረችው። ቀላል ነገር መሰለው።

የናይሮቢ ኢትዮጵያውያን በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳውዝ ሲ ጽገወይኒ ቤት ይሰበሰባሉ። ጽገወይኒ አሥመራ ያደገች፣ አዲስ አበባ ነርስ የነበረች፣ ከዘርእዝጊ ጋር እኩያ የሆነች ሴት ናት። የስደተኛው ማኅበር ሰብሳቢ አቶ ሐብተማርያም የቀድሞ የጉምሩክ ሹም ናቸው፤ ሰባ ዓመት ቢያልፋቸውም እንግዳ ሲገባ ዛሬም ሻንጣውን ያያሉ። ዘርእዝጊ ነገሩን ያዋየው ለእሳቸው ነበር።

«‹ሳልዘጋው›ን ነው የምትለኝ?» አሉ። «ልጅ ሆኜ አያቴ ጌሾ እየወቀጡ የሚያንጎራጉሩትን?»

«ጋሽ ሐብተማርያም፣ እኔ ነኝ እኮ የሠራሁት። ሞያሌ ላይ።»

«አሳምረኸዋል፣ እግዜር ይስጥህ። የአባቶችን ሀብት ግን የእኔ ነው አይባልም።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አንዱ ሰቆጣ ሠርግ ላይ ሰምቶታል። ሌላው አባቱ በክራር ይጫወቱት ነበር። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዘፈኑ በአራት ክፍለ ሀገር ተወለደ። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ስለ ዜማ አንድ ነገር የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህኛው ዜማ ግን ሁሉም አዋቂ ሆኖ ተገኘ።

ዘርእዝጊ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ሄደ። ጽገወይኒ ብርጭቆ ታጥባለች።

«ውሸታሞች» አላት።

«አይዋሹም፤ ያምኑታል። ያ ነው የሚብስብህ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«አንተ ሰው፣ የሕዝብ ነው አልክ፤ ሕዝቡም እሺ ብሎ ወሰደው። ሌላ ምን እንዲያደርግልህ ፈለግህ?» ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው። «ይልቅ ያን ጨርቅ አቀብለኝ።»

በማግስቱ ማታቱ በሚሉት አነስተኛ አውቶቡስ ውስጥ አጎንብሶ ቆሞ ወደ መጋዘኑ ሲሄድ ተንኮሉ መጣለት። ማታቱው ኢምባካሲ ሳይደርስ አንድ ስንኝ ገጠመ። ሆን ብሎ ርካሽ እንድትሆን፣ የሰው እንባ ልትለምን የምትቆም ስንኝ አደረጋት።

*ማጠፊያው ጮኸብኝ፣ ዘይት ያጣ ብረት፣*
*ቅቤ ቀቢውና ልመለስ በሌሊት።*

በሚቀጥለው ስብሰባ ከሐብተማርያም አጠገብ ተቀመጠና፣ ካሴቱ ላይ የተተወች አንዲት ጥንታዊ ስንኝ እንዳለች፣ ይወቋት እንደሆነ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ስንኟን አስደገሙት፤ ዓይናቸውን ከደኑ። «ረስቻት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ዘርእዝጊ ደስታውን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ።

የቀጠሮው ቀን ሲቃረብ ከሃረጉ ደብዳቤ መጣ። ኑሮውን፣ ዘይት መወደዱን ጽፋ ስትጨርስ እንዲህ ትላለች። «የምሥራች፣ ጎረቤት ሠርግ ላይ ስለ በር የሚያወራ አንድ ዘፈን ሰማሁ። ሁሉም የድሮ ነው ይላሉ። እኔ ግን በልጅነታችን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። አንቺ ታውቂዋለሽ? የእኔም በር እስካሁን አልተጠገነም።» ከዚህ ሁሉ አዋቂ መካከል እውነቱን የተናገረችው ሃረጉ ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ልትመሰክር አትችልም። ደብዳቤውን አጥፎ ኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው።

በቀጠሮው ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ሆነው ተቀመጡ፤ ሚስስ አቺዬንግ፣ ዘርእዝጊ፣ አወቀና የአወቀ ምስክር። ምስክሩ ሐብተማርያም ናቸው፤ ለዚሁ ብለው ከረባት አስረዋል። በጉምሩክ እንግሊዝኛቸው፣ ይህ ዜማ የማንም ሳይሆን የኢትዮጵያ ሕዝብ ሀብት መሆኑን፣ አያታቸውም ጣሊያን ሳይገባ ይዘፍኑት እንደነበረ አስረዱ። ከዚያ ሳይጠየቁ የማጠፊያዋን ስንኝ አዜሙ። ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፃቸው ተቆራረጠ፤ መሐረባቸውን አወጡ።

ዘርእዝጊ እስኪጨርሱ ጠበቃቸው። ስንኟን ለኃላፊዋ ተረጎመላትና ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ጋሽ ሐብተማርያም፣ የአያትዎ ቤት በር ከምን የተሠራ ነበር?»

«ከምን ይሠራል፣ ከጭራሮ። በጠፍር የታሰረ።»

«የብረት ማጠፊያ ነበረው?»

ሽማግሌው የከረባታቸውን ቋጠሮ አላሉ።

«ያቺን ስንኝ ባለፈው ወር ማታቱ ውስጥ ቆሜ የገጠምኳት እኔ ነኝ።»

አወቀ መስኮቱን ያይ ጀመር። ሐብተማርያም መሐረባቸውን በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲያው» አሉ ረጋ ብለው፣ «የሌላ ሰው አያት ይሆናሉ።»

ሚስስ አቺዬንግ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች። «ምስክሩ እንደሚሳሳቱ አሳይተሃል» አለችው። «ዜማው የአንተ መሆኑን ግን አላሳየህም።» ፋይሉን ከፍታ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች። አንደኛው የ1974ቱ ፎርም ነው፤ ሁለተኛው የባለፈው ሳምንት የሆቴሉ ዝርዝር። በሁለቱም ላይ ያው እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል የተስተካከለ ጽሑፍ አለ።

«ይህን ጽሑፍ በየሳምንቱ ስለማየው አውቀዋለሁ። የአንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«የዋሸኸው ያን ጊዜ ነው ወይስ አሁን?»

«ያን ጊዜ።»

«ለምን?»

ዘርእዝጊ ጣሪያውን አየ። ፍርሃት የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ያውቀዋል፤ በአወቀ ፊት ግን አፉ እሺ አላለውም።

«እሺ» አለች። «ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ያን ጊዜ ለምን እንደዋሸህ በሙሉ ስምህ ጽፈህ ትፈርማለህ። ሦስት ወር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ቅጂው ለአገርህ ኤምባሲ ይላካል። ሁለተኛው፣ ዜማውን ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም የሚል፣ ከዚህ ክርክር ውጭ የሆነ አንድ የአገርህ ሰው በስሙና በአድራሻው የጻፈው ነገር ካለ፣ አምጣው። ከፋይሉ ጋር ተያይዞ ለጠየቀ ሁሉ ይታያል።»

ደብዳቤው ደረቱ ላይ ነበር። ሃረጉ፣ ከነአባቷ ስም፣ ከነቤት ቁጥሯ። ኪሱ ውስጥ እጁን መክተት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ወይም በራሱ ስም ይፈርማል፤ አዋሽ የወሰደው ሰው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ናይሮቢ ላይ ብቅ ይላል፤ ተዝካሩን የበሉ ሁለት መቶ ሰዎችም ለቀበሌው ምስክር ይሆናሉ። ሰው የሌለበት መሳቢያ ይኖራል ብሎ ማሰቡ የሕፃን ሐሳብ መሆኑ ያን ጊዜ ገባው። ሰው ሁሉ ሞኝ ነው ብሎ ሲንቅ የኖረ ሰው፣ ለዚያች ካርድ ብሎ እህቱን የቀበሌ በር ላይ ሊያቆማት ተቃርቦ ነበር።

ኮቱን ቆለፈ።

«አቤቱታዬን አንሥቻለሁ» አለ።

ደረጃው ላይ አወቀ ደረሰበት። «ጋሼ፣ አታኩርፍ እንጂ። በእኔና በአንተ መካከል ምን አለ? እሑድ ከጨዋታው በኋላ ምሳ ጋባዡ እኔ ነኝ።»

«ሕዝቡን ወክለህ?»

«ሕዝቡን ወክዬ» አለ አወቀ፣ ደስ ብሎት።

የዚያን እሑድ ሐብተማርያም ልጆቻቸውን ይዘው ገንዳው ዳር ተቀምጠው ነበር። «ሳልዘጋው» ሲጀመር በወረቀት መልእክት ላኩ፤ የማጠፊያዋ ስንኝ እንዳትቀር። አወቀ ዘፈናት። ከጠረጴዛው ሁሉ ጭብጨባ ተነሣ፤ አንዲት ሴትዮ አለቀሰች። ለወጥመድ የተገጠመችው ርካሽ ስንኝ ከዋናዎቹ ይልቅ ሰው ልብ ገባች፤ ዘርእዝጊም ይህን ለሕዝቡ ይቅር አላለውም።

ጨዋታው ሲያልቅ ሽማግሌው ወደ መድረኩ መጡ። በቢሮው የሆነው ነገር ፊታቸው ላይ አሻራ እንኳ አልተወም።

«ስንኟን አለመተዋችሁ ደስ ይላል» አሉት። «መግቢያው ላይ ግን አኮርዲዮንህ ትንሽ ይፈጥናል። የድሮዎቹ እንዲህ አልነበረም የሚጫወቱት።»

«እንዴት ነበር?»

ሐብተማርያም በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ አንጎራጎሩለት። ዘርእዝጊ አኮርዲዮኑን እንደገና አንግቶ እሳቸው ባሉት ፍጥነት ሞከረው። ቀስ ሲል ተሻለ። ይህ ከሁሉ ይልቅ አናደደው።

ሰኞ በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ሣጥን ላይ ተቀምጦ የሆቴሉን ዝርዝር አወጣ። ቅዳሜና እሑድ የተዘፈኑትን በተራ ጻፈ። «ሳልዘጋው» የሚገባባቸው አምስት መስመሮች ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ከዚያ የልደት ዘፈን ጻፈባቸው፤ አምስት ጊዜ። ወረቀቱን አጥፎ ፖስታ ውስጥ ከተተ። በዚያው እስክሪብቶ ለሃረጉ አጭር ደብዳቤ ጻፈ። «ያን ዘፈን እኔም ሰምቼዋለሁ። የድሮ አይደለም፤ ልክ ነሽ። ማጠፊያውን ቅቤ ቀቢው። የምሥራች።»

ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ በየሳምንቱ አምስት ጊዜ ይዘፈናል፤ ወረቀት ላይ ግን አንድም ቀን ተዘፍኖ አያውቅም። ሌሎች ባንዶችም ሲሰለቻቸው ተዉት። በሁለተኛው ዓመት አወቀ የማኅበሩን ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ እንግሊዝኛው አሁንም ይጠጥረዋል።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር በጣም አነሰ። ሕዝቡ ዘፈኑን ጠላው እንዴ?»

ዘርእዝጊ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበና መለሰለት።

«ሕዝብ አይደለ» አለ። «ሰልችቶት ይሆናል።»